ዘመቻውን የጻፈ ደራሲ ነበረን፤ ምርጫውን ማን ይጻፍልን?

«ደራሲን ከፖለቲካ ምን አገናኘው?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን የሚሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፖለቲከኞቹ ራሳቸው ናቸው። ደራሲው ቤቱ ተቀምጦ ስለ ፍቅር ይጻፍ፣ ስለ ጨረቃ ይጻፍ፤ ሲፈለግ አዳራሽ ማሞቂያ ግጥሙን ይዞ ይምጣ፣ አንብቦ ሲጨርስ ሻዩን ጠጥቶ ይሂድልን ነው ነገሩ። የዛሬው ሙግቴ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው። እኔ የምለው ደራሲ ምርጫ ቅስቀሳ ውስጥ ዘው ብሎ መግባት አለበት ነው። መግባት ብቻም አይደለም፤ ያየውን ሁሉ፣ የገዛ ወገኑን ጉድ ሳይቀር፣ መጻፍ አለበት። ይህ ባለመሆኑ አንድ ትልቅ ነገር ዓይናችን እያየ ከእጃችን እያመለጠ ነው።

እስቲ ከቃሉ እንነሳ። በእኛ ቋንቋ «ዘመቻ» ጦርም ነው፣ ምርጫም ነው። ጠመንጃ አንግቶ የሄደውም ዘመተ፤ ፊደል ለማስቆጠር ገጠር የወረደው ተማሪም ዘማች ተባለ፤ ወረቀት ታቅፎ የሰው በር የሚያንኳኳውም «የምረጡኝ ዘመቻ» ላይ ነው። ጎበዝ! የጦሩን ዘመቻ የጻፉ ደራሲዎች ነበሩን። ሐዲስ ዓለማየሁ ጣልያንን ለመውጋት ዘምተው፣ ተማርከው፣ ጣልያን አገር ታስረው ኖረው ሲመለሱ ያዩትን «ትዝታ» ብለው አቆይተውልናል። ከጦሩ ዘመቻ ወደ ምረጡኙ ስንሻገር ግን መደርደሪያው ባዶ ነው።

ለምን ባዶ ሆነ? መልሱን ፍለጋ ወደ በዓሉ ግርማ መሄድ ግድ ይላል።

በዓሉን የማያውቅ የዚህ ገጽ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ቢሆንም ነገሩን በአዲስ ዓይን እንየው። በ1974 ዓ.ም. ደርግ «የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ» ብሎ ሲነሳ ከሞላ ጎደል መንግሥቱ ጓዙን ጠቅልሎ አስመራ ገባ። ጄኔራሉ፣ ሚኒስትሩ፣ ካድሬው፣ ካሜራ የሚሸከመው ሳይቀር። «ሁለገብ» የተባለው ያለ ነገር አልነበረም፤ መውጋቱ አለ፣ የቆመ ፋብሪካ ማስነሳቱ አለ፣ ሕዝብ ሰብስቦ ልቡን ማማለሉ አለ። ይኸኛው ክፍል እኮ ቅስቀሳ ነው! በዓሉ ደግሞ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበር። ከዚያ በፊት «የቀይ ኮከብ ጥሪ» የሚል ልብወለድ ጽፏል። ማለትም ሰውዬው ሲሄድ የደርግ ጠላት ሆኖ አልሄደም። የቤት ልጅ ነው። ገበታው ላይ የሚቀመጥ፣ መግለጫውን የሚያርም፣ ጓድ የሚባል ሰው ነው።

ሄዶ ሲመለስ «ኦሮማይ»ን ጻፈ።

ጸጋዬ ኃይለማርያም የሚባል ጋዜጠኛ የዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ሆኖ አስመራ ይወርዳል። አዲስ አበባ እጮኛ አለችው፤ አስመራ ላይ ፊያሜታ ታገኘዋለች። መሪ ቃል ሲያወጣ፣ ድል ሲያውጅ ከርሞ መጨረሻ ላይ የናቅፋን ተራራ በዓይኑ ያያል፤ ወጣቱ እንደ ቅጠል ሲረግፍ። አርእስቱ ራሱ ከጣልያንኛ ተነስቶ አስመራ አፍ ላይ የከረመ ቃል ነው፤ «አለቀ፣ ከእንግዲህስ ወዲያ» እንደ ማለት። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በ1975 ዓ.ም. አወጣው፤ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 አንድ ምሽት ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መኪናው ተገኘች፤ እሱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ መቃብሩ እንኳ አይታወቅም።

ያናደዳቸው የጦር ምስጢር ማውጣቱ ነው የሚል ወሬ አለ። እኔ ይህን አልቀበልም። ናቅፋ አለመያዙን አስመራ ያለ ሊስትሮ ሁሉ ያውቀው ነበር። ያናደዳቸው ሌላ ነው። ጠላት የተባለውን ሰው አደረገው። ይህ አንድ። ባለሥልጣኑንም ሰው አደረገው፤ ሲጠጣ፣ ሲፈራ፣ ሲቀና፣ ጓደኛውን ሲያማ። ይህኛው ይብሳል! ፖለቲከኛ «ጨካኝ» ብትለው ይችለዋል፤ አንዳንዱማ ይወድልሃል። «ፈሪ ነህ፣ ትሰለቻለህ፣ እንቅልፍ የለህም» ስትለው ግን አይምርህም። ደግሞ ልብ በሉ፤ ይህን ሁሉ የሚተርክልን ሰው ተቃዋሚ አይደለም፣ ሸፍቶ ጫካ የገባ አይደለም። የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው ነው! የሚዋሸው ሰው ራሱ ነው የሚነግረን። «ኦሮማይ» እስከ ዛሬ የሚነበበው፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ተተርጉሞ የእንግሊዝኛ አንባቢ እጅ የገባው፣ ደርግን ስለ ሰደበ መስሏችሁ ከሆነ፣ ደርግን የሰደበ መጽሐፍ ሞልቷል። አብዛኛው የት እንደ ገባ እንኳ የሚያውቅ የለም። ይኸኛው ውስጥ ሆኖ ያየ ነው።

ከበዓሉ በኋላ የተተረፈው ትምህርት ግን ግልጽ ነበር፤ «ተጠግተህ ካየህ ትጠፋለህ።» እና ደራሲያችን ራቅ አለ። ከሩቅ ሆኖ አሽሙር ይጽፋል፣ ተረት ይጽፋል፣ ስለ አንበሳና ስለ ጦጣ ይጽፋል፤ አንበሳው ማን እንደሆነ እኛ እንገምታለን። ደስ ይላል፣ አልክድም። ነገር ግን አንድ ትውልድ በሙሉ እንቆቅልሽ ሲፈታ ማርጀት የለበትም።

ባሕር ማዶ ምን እንደ ተደረገ በአጭሩ ልንገራችሁ። ማሪዮ ቫርጋስ ዮሳ የሚባለው የፔሩ ልብወለድ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1990 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። በመጀመሪያው ዙር መራ፤ በሁለተኛው በአልቤርቶ ፉጂሞሪ ተዘረረ። እሱም አኩርፎ አልተቀመጠም። በ1993 «ዓሣ በውኃ ውስጥ» የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ አንዱ ምዕራፍ ስለ ልጅነቱና ወጣትነቱ፣ ቀጣዩ ስለ ምርጫው ዘመቻ እያለ ይሄዳል። የገዛ ግንባሩ እጩዎች በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ ያፈሰሱትን ገንዘብና ድሃው ያን ሲያይ ምን እንደ ተሰማው ሳይቀር አለበት። በ2010 ኖቤል ተሸለመ፤ በ2025 አረፈ። ፖለቲካው አይጥመኝም፤ መጽሐፉ ግን ባይኖር ፔሩ ያን ምርጫ የምታውቀው በቁጥር ብቻ ነበር።

እኛስ 1997ን በምን እናውቀዋለን? በቁጥር!

አሁን ወደ ሰፈሬ ልምጣ። ልብወለድ ጸሐፊ ነኝ፤ ሁለት መጻሕፍት አሉኝ፤ ስንት ቅጂ ሸጥክ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ። በ1997 ዓ.ም. የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ለአንድ ተቃዋሚ እጩ ወረቀት ይዘው ከዞሩት አንዱ ነበርኩ። አራት ነበርን፤ አንድ አስተማሪ፣ አንዲት ተማሪ፣ አንድ ወያላና እኔ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስተን ወደ ጉራራ፣ ከዚያ ቤቱ እየሳሳ ባሕር ዛፉ እየበዛ እስከሚሄድበት እስከ እንጦጦ ግርጌ፤ በሌላው ቀን ደግሞ በሾላ፣ በላምበረት፣ በኮተቤ። የካን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ከታች የእንግሊዝ፣ የሩሲያና የፈረንሳይ ኤምባሲ ጫካቸውን አጥረው ተቀምጠዋል፤ ከአጥሩ ማዶ አንድ ቧንቧ ለሠላሳ ቤት።

ቅስቀሳ ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ማለት ነው። ይኸው ነው። ያችን አንዷን ዓረፍተ ነገር መቶ ጊዜ መናገር። ልብወለድ የሚጽፍ ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በሩን የከፈተውን ሰው ፊት ማየት ይጀምራል፣ ጥላው ላይ ያለውን ድስት ማሽተት ይጀምራል፣ ዓረፍተ ነገሩ ይጠፋበታል። ከአራታችን የተዋጣለት ወያላው ነበር። ከመገናኛ ኮተቤ ሲጠራ የኖረ ጉሮሮ፤ ማን ተሳፋሪ እንደሆነ፣ ማን ዝም ብሎ የቆመ እንደሆነ ከሩቅ ይለያል። «ይህቺ ቤት አትመርጥም፣ እንለፍ» ካለ፣ እንለፍ ነው።

ነገር ግን ለወያላው የማትጠቅመዋ ቤት ለእኔ ትጠቅማለች! ጉራራ ላይ አንዲት ጠላ የሚሸጡ እናት ነበሩ። ከእኛ በፊት የንቧ ሰዎች መጥተው ወረቀታቸውን ትተዋል። የእኛንም ተቀበሉ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አጣጠፉና «ምን አለበት ልጆቼ፤ ሁለቱም ቆሎ ይጠቀልላል» አሉን። ተማሪዋ ተናደደች። በሩን አልፈን ዞር ስንል እኚያ እናት በነጠላቸው ሥር ሁለት ጣታቸውን አውጥተው እያሳዩን ነው። አሁን እሳቸውን የትኛው ሪፖርት ውስጥ ነው የምናስገባቸው? ደጋፊ? ፈሪ? ብልህ? ለእኛም ለእነዚያም እንዲሁ ያደርጉ ይሆን?

አንድ ጡረተኛ ወታደር ደግሞ አለ። «የምርጫ ዘመቻ ላይ ነን አባባ» አልነው። ሳቀብን። «ዘመቻ? እኔ ናቅፋ ዘምቻለሁ። የእናንተው ስንት ቀን ይፈጃል?» አለ። ወንበር አውጥቶ አስቀመጠን፤ ቡና ተፈላ፤ ስለ ፓርቲያችን አንድ ቃል ሳንናገር ሁለት ሰዓት ሄደ። ወያላው ሰዓቱን እያየ ነው። እኔ ግን የበዓሉ ግርማን መጽሐፍ ከሌላኛው ወገን፣ ከጉድጓዱ በኩል፣ እየሰማሁ ነበር። «ያኔም እንዳንተ ያለ የሚያወራ ይልኩልን ነበር» አለኝ ስንወጣ። አጥንቴ ውስጥ ነው የገባው።

እንጨት ተሸካሚዎቹስ? ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል አስረው በዚያ ቁልቁለት የሚወርዱትን ሴቶች አዲስ አበባ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ፎቶ ያነሳቸዋል፤ ዘፈን ውስጥ ያስገባቸዋል። መቀስቀስ ግን ሌላ ነው። ሸክሙ ከራሷ ይረዝማል፤ ከቆመች መነሳት አትችልም፤ ስለዚህ አብረሃት ቁልቁል እየሮጥክ ትናገራለህ። ቀና ብላ አታይህም፤ የምትናገረው ለጎበጠ ጀርባ ነው። ወረቀቱን የት ታደርግላታለህ? እጇ ገመዱን ይዟል። አንዷ እየወረደች፣ ሳትቆም፣ «ብታሸንፉ ጫካውን ታስጠብቁብናላችሁ ወይስ ትለቁልናላችሁ?» ብላ ጠየቀች። አስተማሪው ደኑ የአገር ሀብት ስለ መሆኑ ጀመረ። እሷ የሄደችው ያኔ ነው። ማታ ለእጩው ነገርነው፤ «ይታሰብበታል» አለ። እኔ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። እውነት እንነጋገር ከተባለ ጥሩ እጩ ነበር፤ በእሱ ቦታ ሌላም ቢሆን ከዚህ የተለየ አይመልስም ነበር። ይህ ጥያቄ ግን በዚያ ዓመት በቴሌቪዥን በቀጥታ በተላለፈው ክርክር ሁሉ ውስጥ ሲነሳ አልሰማሁም።

የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ በፍጥነት ልለፈው። ሚያዝያ 30 የየካ ሰው በቀበና አድርጎ ወደ መስቀል አደባባይ በእግሩ ጎረፈ። ግንቦት 7 ገና ሳይነጋ ሰልፍ ያዘ። አዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር፣ ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት ወንበር ደግሞ 137ቱን ለቅንጅት ሰጠች። በዚያው ምሽት ሰልፍ ለአንድ ወር ተከለከለ። ሰኔ 1፣ ከዚያም በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት 22 ጀምሮ ጥይት ተተኮሰ። አጣሪው ኮሚሽን የቆጠረው 193 ሲቪልና 6 ፖሊስ ሞቷል። ቁጥሩን ዓለም የሰማው ከኮሚሽኑ መሪዎች አገር ጥለው የወጡት ሲናገሩ ነው። የግል ጋዜጦች በጅምላ ተዘጉ፤ አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በኪራይ የምናነባት ጋዜጣ ሳትቀር ጠፋች። ከዚያ 2002 መጣ፤ 2007 መጣ፣ አንድም የተቃዋሚ ወንበር ሳይገኝበት።

አንባቢ «መጽሐፍማ ተጽፏል እኮ!» ይለኝ ይሆናል። አዎ ተጽፏል። ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ቃሊቲ ታስረው «የነፃነት ጎህ ሲቀድ»ን ጽፈዋል፤ አቶ ልደቱ አያሌውም በበኩላቸው ጽፈዋል። አንብቤያቸዋለሁ፤ ጠቃሚ ናቸው። ግን የመሪ መጽሐፍ የመሪ ነው። ስብሰባው ስንት ሰዓት ተጀመረ፣ ማን ምን ሐሳብ አቀረበ፣ ማኅተሙ ማን ጋር ነበር፣ ማን ማንን ከዳ። ሁሉም እኔ ትክክል ነበርኩ ይላል፤ ሌላ ምን ይበል? በነጠላ ሥር የወጡት ሁለት ጣቶች ግን ቃለ ጉባኤ ላይ አይገቡም። እነሱን ማስገባት የደራሲ ሥራ ነው፤ እስከ ዛሬ ደግሞ ለዚያ ምርጫ «ኦሮማይ»ን የሚያህል አልተጻፈለትም።

ሌላው ተቃውሞ «ደራሲ ወገን ከያዘ ብዕሩ ይወድቃል» የሚለው ነው። ከበዓሉ በላይ ወገን የያዘ ማን ነበር? የመንግሥት መኪና፣ የመንግሥት ደመወዝ፣ የመንግሥት ዘመቻ። ብዕሩን የሚጥለው ወገን መያዝ አይደለም፤ ወገንህ ረቂቁን አስቀድሞ ማንበብ ሲጀምር ነው። ይህን በራሴ አይቻለሁ። ከዓመታት በኋላ አንድ ፓርቲ፣ ስሙ ይቅር፣ ስለ ቅስቀሳ አጭር ልብወለድ ጻፍልን ብሎ ጠራኝ። ጻፍኩ። ቀስቃሹ ልጅ በታሪኩ መሐል «እኔ ራሴ አልመርጥም ይሆናል» ይላል። ያቺ መስመር ትውጣ አሉ። አትወጣም አልኩ። ታሪኩ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ገዢውም ይሁን ተፎካካሪው፣ ፓርቲዎቻችን የሚፈልጉት የሚያጨበጭብ ግጥም ነው፤ ግጥሙንም ቢሆን ከመድረኩ ኋላ አንድ ኮሚቴ አስቀድሞ ያነበዋል። ወይ ጉድ! ሳንሱርን ለመቃወም የተቋቋመ ሳንሱር!

ነገሩ የሚያጣድፈኝ ለምን መሰላችሁ? ሰፈሩ ራሱ እየጠፋ ነው። በ2013 ዓ.ም. የካ ለሁለት ተከፈለች፤ ምሥራቁ ለሚ ኩራ ሄደ። በዚያው ዓመት የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ፤ ወረቀት ይዘን በሮጥንበት ተራራ ላይ ዛሬ ሰው ሊዝናና ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎ በቀበና መገናኛ ድረስ መንገድ ዳር ያለውን ቤት ጠረገው። መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱ ያምራል፤ ይህን አልክድም። ካንኳኳናቸው በሮች ግን ስንቶቹ ዛሬ በር የላቸውም! ሰዎቹ በኮንዶሚኒየም ተበትነዋል፤ ጎረቤቱ ጎረቤቱን አያውቀውም፤ ማን በማን ቤት ተሰብስቦ ክርክሩን እንዳየ የሚያስታውስ እድርተኛ የለም። ጡረተኛው ወታደር አርፏል። ጠላ ሻጯን አፈላልጌ አጥቻቸዋለሁ።

ስለዚህ አንተ ወጣቱ ደራሲ፣ አንቺም፣ ምርጫ ሲመጣ አትሸሹ። የወደዳችሁትን ፓርቲ ወረቀት ተሸከሙ። አንድ ቀበሌ ያዙ፤ አገሩን ሁሉ ለመዞር አትሞክሩ። የባነሩን ዋጋ ጻፉ፣ ማን እንደ ከፈለም ጠይቁ። በሩ ሳይከፈት ከውስጥ «የለንም በሉ» የሚለውን ድምፅ ጻፉ። የእጩው ጫማ ጭቃ መንካት ያቆመበትን ቀን ጻፉ። ስም ቀይሩ፤ የሰው ስም ሰው ያስበላል። ደብተሩን ለማንም ኮሚቴ አታሳዩ፤ ከደብተሩም ሁለት ቅጂ አድርጉና አንዱን ፖለቲካ የማይወድ ዘመድ ቤት አስቀምጡ። ወያላ ካገኛችሁ ደግሞ ይዛችሁት ሂዱ፤ «ይህቺ ቤት አትመርጥም፣ እንለፍ» ያለ ጊዜ እናንተ እዚያች ቤት ግቡ።